ራውተር ፊት የተደረገ መግደርደር

ሀፊዝ እንድሪስ ማንኛውንም ጽሑፍ እስከ ግማሹ ብቻ የሚያነብ ሰው ነበር። ጉድለቱ ከስንፍና የመጣ ቢሆን ኖሮ መታገሥ ይቻል ነበር፤ የመጣው ግን ከችኩል ማስተዋል ነው። ግማሹን ሲጨርስ ቀሪው የገባው ይመስለዋል፤ ይባስ ብሎም አንዳንዴ ግምቱ ልክ ይሆንለታል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሲያገለግል፣ የሞተርን ሕመም በጆሮው ሰምቶ የሚለይ ባለሙያ ተብሎ ተመስግኗል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ጉዳቱ፣ ሞተርን ማዳመጥ የለመደ ሰው ወረቀትም የሚደመጥ ነገር መስሎ የሚታየው መሆኑ ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ ሦስቱንም ጊዜ የጣለው የጽሑፉ ፈተና ነበር። መሪ እስከ መጨበጥ የደረሰበት ቀን የለም።

ይህ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው የአሥራ ሁለት ከባድ መኪና ሾፌሮች አለቃ ነበር።

ነገሩ ጨዋታ ነው። በኮምፒውተር ላይ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይነዳል፤ ተጫዋቾቹም በኢንተርኔት ተገናኝተው አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ይጓዛሉ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ የኮምቦልቻና የደሴ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ሦስቱ እውነተኛ ሾፌሮች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ሳምንቱን ሙሉ ከሚሌ ኮምቦልቻ ሲነዱ ሰንብተው፣ እሑድ ዕረፍታቸውን ደግሞ ሲነዱ ያሳልፋሉ። ለዚህ አንዳች በቂ ምክንያት እስካሁን አልተገኘለትም።

የሚነዱበት መንገድ የቢልቂስ ሥራ ነው። ቢልቂስ ደሴ ሆጤ ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት፣ በሥርዓቷ ደንበኞቿ የሚፈሯት ሴት ናት። ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ ተቀምጣ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ የሚገባውን መንገድ እየታጠፈ እንደሚሄድ ለጨዋታው ካርታ አድርጋ ሠራችው። ካርታው እንዲከፈት ሁሉም የሚገባበትና ሳይዘጋ የሚቆይ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ ያስፈልግ ነበር። እርሷ ቤት ያለው የስልክ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ሀፊዝ ግን የቤት መስመር፣ ከውጭ የሚታይ ቋሚ አድራሻና በገዛ እጁ የገጣጠመው ኮምፒውተር ነበረው። ስለዚህ ሳትጠይቀው እኔ አለሁ አለ። በእነርሱ ልማድ መንገዱ ቤቱ ያደረለት ሰው የሰልፉ አለቃ ይሆናልና፣ አለቅነቱም አብሮ መጣለት። እርሱም ጊዜ ሳያጠፋ ኩታበር ለሚኖሩት አባቱ ደውሎ የአሥራ ሁለት ተሳቢ አለቃ መሆኑን ነገራቸው። የምን ተሳቢ እንደሆነ አልነገራቸውም።

ቢልቂስ ግን ሰባት ወሯን በሰው ቃል ላይ ብቻ የምትጥል አልነበረችም። በሚመጣው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መንገዱ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ መብራት ቢጠፋ የአሥር ደቂቃ ይቅርታ ይደረጋል፤ ከዚያ ካለፈ ካርታው ደሴ ላለው ለምንይሉ ይሰጣል አለች። ምንይሉ ጸጥተኛ ሰው ነው፤ በሰልፉም ሁልጊዜ ስድስተኛ ሆኖ ይነዳል። ሀፊዝ ስሙን ሲሰማ ሥራውን በዚያው ቀን ጀመረ።

ሥራው በመልኩ ቀላል ነበር። ከውጭ የሚመጣው ተጫዋች መጀመሪያ የሚያገኘው መስመሩን ተቀብሎ ለቤቱ ዋይፋይ የሚያከፋፍለውን ራውተር ነው። ራውተሩም መጪውን ከቤቱ ዕቃዎች ወደ የትኛው እንደሚመራው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ይህን መንገር ፖርት ፎርዋርዲንግ ይባላል። ራውተሩ ራሱ አንድ ቁጥር ነው፤ ወደ ዋይፋዩ ለሚገባው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ደግሞ እንደ አገባቡ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ቁጥር ያድላል። ሀፊዝ ሥራውን በጀመረበት ቀን ኮምፒውተሩ የደረሰው አምስት ቁጥር ነበር። መመሪያውን ከፍቶ እስኪበቃው አነበበና፣ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ወደ አምስት ቁጥር ምራ ብሎ ጻፈ። ሠራለት። መመሪያውን ዘጋው።

በማግስቱ መብራት ጠፍቶ መጣ። ራውተሩ የሰጠውን ቁጥር ሁሉ ረስቶ እንደ አዲስ ማደል ጀመረ። ኮምፒውተሩ ሁለት ቁጥር ሆነ፤ አምስት ቁጥር ከመስጊድ ዘግይተው ለተመለሱት ለሼህ ጀማሉዲን ስልክ ደረሰ። መንገዱን ሊሞክሩ የመጡት አሥራ ሁለቱ ሾፌሮች መንዙማ ወደሚደመጥበት ስልክ ሲመሩ ውለው፣ ስልኩም ምንም ስለማያውቅ እየመለሳቸው፣ ቀኑ አለፈ።

ሼህ ጀማሉዲን በግቢው የሚኖሩ፣ በጉልምስናቸው ከብት እየነዱ በእግራቸው ሐረጎን የወጡና የወረዱ አዛውንት ናቸው። ሀፊዝ የሆነውን እየሳቀ ሲነግራቸው እርሳቸው አልሳቁም።

«አሥራ ሁለት ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ ማንም ሳያናግረው ተመለሰ ነው የምትለኝ?»

ሀፊዝ፣ በትክክል ለመናገር ሰዎች ሳይሆኑ መኪናዎች እንደሆኑ አስረዳ።

«ሾፌር የሌለው መኪና አለ?» አሉት። ከዚያም የሰዎቹን ስም ዝርዝር ጠየቁ፤ እያንዳንዳቸውን አውፍ በሉኝ ብለው ይቅርታ ሊጠይቁ።

ሀፊዝ ቁጥሩን ወደ ሁለት ለወጠው። ዳግም መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሩ አራት ሆነ። ወደ አራት ለወጠው፤ ሦስት ሆነ። ረቡዕ ብቻ ሦስት ጊዜ እንዲሁ ተሳደደ። የዋይፋዩን የሚስጥር ቃል ለውጦ ጎረቤቶቹን ከማስወጣት ሌላ መላ ያለ አልመሰለውም፤ ይህ ደግሞ የማይታሰብ ነበር። ቃሉን በዒድ ዕለት ለግቢው ሁሉ በገዛ እጁ ሰጥቷል፤ ከጎረቤት ጋር በዋይፋይ የተቆራረጠ ሰው ነገ በሠፈሩ ዕድር፣ በቅሬው፣ ፊት ቆሞ ምን ይላል? እዚህ ላይ ከመመሪያው ጥቂት ገጾች ቢገልጥ ኖሮ ጉዳዩ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሀፊዝ ግን ገጽ ከመግለጥ ይልቅ ሕግ ማውጣትን መረጠ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ግቢውን ሰበሰበ። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሦስት ናቸው፤ የግቢው ባለቤት እማማ ሰርካዲስ፣ ሼህ ጀማሉዲንና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት የምትሠራው ተከራይ አትጠገብ። ሀፊዝ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሁሉም ስልኩን ዘግቶ እንዲቆይ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ እንዲገባ፣ ሌላው ከዚያ እንዲከተል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ እዚያው ሞተ። እማማ ሰርካዲስ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ማየታቸውን፣ ነገር ግን ትልቅ ሰው ቆሞ ዕቃ ቀድሞ ሲቀመጥ አለማየታቸውን፣ በገዛ ግቢያቸውም ሊያዩ እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ሼህ ጀማሉዲንም ኮምፒውተሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቁ። አራት ዓመቱ ነው።

ስለዚህ በስምምነት ተወሰነ፤ መጀመሪያ ታላላቆቹ፣ ቀጥሎ አትጠገብ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ። ሀፊዝ ቆጠረው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ቁጥር ለኮምፒውተሩ እንዲህ በክብር ሲደርሰው በማየቱ እጅግ ተደሰተ፤ ራውተሩንም ዳግም ወደ አምስት ምራ አለው፤ ደንቡንም ጽፎ የቆጣሪው ሣጥን ላይ ለጠፈው። «መጀመሪያ ታላላቆቹ» የሚለው ሐረግ ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም አለመናገሩን ያስተዋለ አልነበረም። ክፉ ሕግ ሁልጊዜ ቀዳዳው በሚያምረው ሐረጉ ውስጥ ነው።

እሑድ በስምንት ሰዓት አሥራ ሦስት ተሳቢ ከኮምቦልቻ ተነሣ፤ ሀፊዝ ከፊት። ግቢው በሙሉ ለግዳጁ ተዘጋጅቶ ስልኩን እንደያዘ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ሲያልፍ የሰልፉ ራስ የሐረጎን አቀበት ጀመረ፤ መብራቱም ጠፋ።

በአራተኛው ደቂቃ መጣ። ራውተሩ እስኪነሣ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። አራት ደቂቃ ቀረ። ሀፊዝ የኮምፒውተሩን የዋይፋይ ቁልፍ በጣቱ ይዞ በመስኮት ወደ በረንዳው ተመለከተ።

«እማማ ሰርካዲስ፣ ይግቡ እንጂ» አሉ ሼህ ጀማሉዲን።

«ኧረ በሥላሴ! እርስዎ እያሉ?»

«ወላሂ አልቀድምም። እኔ ኮምቦልቻን ስረግጥ እርስዎ ባለትዳር ነበሩ።»

«በልጅነቴ ነው የተዳርኩት። ደግሞስ ሐጅ ያደረገ ሰው ቀድሜ ልግባ?»

«ሐጅ አላደረግሁም።»

«ያደርጋሉ።»

ሼህ ጀማሉዲን ከመቀመጫቸው ተነሡ። እርሳቸው ሲነሡ እማማ ሰርካዲስም ተነሡ። ካልተቀመጡ አልቀመጥም፣ ካልተቀመጡ አልቀመጥም ተባባሉና አንድ ደቂቃ እዚህ ላይ አለቀ። አትጠገብ ዕጣ ይጣል አለች፤ ሁለቱም በትልቅ ሰው ላይ ዕጣ አይጣልም ብለው በአንድ ድምፅ ገሠጿት። ቀኑን ሙሉ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሀፊዝ ዓይኑን ከበረንዳው ወደ ቁልፉ መለሰ። ቁልፉን ተጭኖ ኮምፒውተሩን ሁለት ቁጥር አድርጎ አስገብቶ ራውተሩ ላይ የጻፈውን ቢያስተካክል መንገዱ ወዲያው ይከፈት ነበር። ነገር ግን ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ ወረቀቱም ፊት ለፊቱ ተለጥፏል። አራት ዓመት የሞላውን ዕቃ በሁለት አዛውንት ፊት ማስቀደም አልሆነልህ አለው። ብዙ ነገር ሊወቀስበት የሚገባው ሰው ነው፤ በዚህች ሰዓት እጁን መሰብሰቡ ግን አያስወቅሰውም። ስልኩ ጠራ፤ ቢልቂስ ናት። ምን ብሎ እንደሚያስረዳት ስላላወቀ አላነሣውም።

በመጨረሻ አዛውንቱ በገዛ ራሳቸው መላ አገኙ። እማማ ሰርካዲስ በስመ አብ፣ ሼህ ጀማሉዲንም ቢስሚላህ ብለው በአንድ ቅጽበት ተጫኑ። አትጠገብ ተከተለች፤ ኮምፒውተሩ አምስት ሆኖ ገባ፤ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ሠራ። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ነበር።

ሀፊዝ ወደ መንገዱ ሲመለስ የጠበቁት ሦስት ተሳቢዎች ብቻ ናቸው። የእውነተኞቹ ሾፌሮች ነበሩ፤ ኬላ ላይ ግማሽ ቀን መቆም የለመዱ ሰዎች አሥራ ሰባት ደቂቃ መዘግየት መሆኑን አላወቁም። ከቢልቂስም አንዲት መስመር መጥታ ጠበቀችው። «ካርታውን ነገ ማታ ለምንይሉ እሰጣለሁ።»

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ የበረንዳው ጨዋታ ቆመ። ሼህ ጀማሉዲን ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ፤ እማማ ሰርካዲስ የለም የእኔ ነው አሉ፤ እንደገና መግደርደር ሊጀመር ሲል አትጠገብ የሁለታችሁም ነው ብላ ገላገለቻቸው። ከዚያም ሽማግሌ ሆነው ደሴ ሊሄዱ፣ በዳዩንም ይዘውት ሊሄዱ ተስማሙ። ሀፊዝ ሰው በጨዋታ ምክንያት ሽማግሌ እንደማይልክ ሊያስረዳ ቢሞክር፣ ሽማግሌ የሚልከው ማን ሆነና ተባለ። ሰኞ ረፋድ ላይ ነጭ በነጭ ለብሰው ተነሡ።

ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ይግቡ፣ እርስዎ ይግቡ ተጀመረ። ረዳቱ እናንተ ሰዎች መንገድ አትዝጉ ብሎ ሁለቱንም በብብታቸው ይዞ ከተታቸው፤ ማንም አልተቀየመም። ሀፊዝ ከኋላ ተቀምጦ፣ የእርሱ ደንብ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ያላደረገውን አንድ ረዳት በአራት ቃል እንዳደረገው እያሰበ ሐረጎን በእውነተኛ መኪና ወጣ።

ቢልቂስን ሱቋ በሰው ተሞልቶ አገኟት። አዛውንቱን በወረቀት ካርቶን ላይ አስቀምጣ ሻይ አስመጣች። ሼህ ጀማሉዲን ነገሩን ከሥሩ አስረዷት፤ ስለ እንግዶቹ አለመስተናገድ፣ ስለ ቁጥሮቹ፣ ስለ ደንቡ፣ ማን ይቅደም ስለተባለውም። ፊቷ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ የነበረ ደንበኛ ግን ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«የራውተሩን መመሪያ አንብበሃል?» አለችው ሀፊዝን።

«አንብቤያለሁ።»

«ስንት ገጽ ነው?»

ሀፊዝ አሥራ ስድስት አለ። ቢልቂስ መመሪያውን ከኢንተርኔት አውርዳ አተመችው፤ ማሽኑ ሠላሳ ስምንት ገጽ ተፋ። ሞቅ ሞቅ ያለውን ወረቀት አስታቀፈችውና፣ ሽማግሌ ቢመጣም ባይመጣም በመጀመሪያ ይህን እዚሁ፣ በድምፅ፣ ለአዛውንቱ በአማርኛ እየመለሰ ያንብብ አለች። ፍርዱ ከባድ ነው፤ ትክክለኛም ነው።

ሀፊዝ ቆሞ አነበበ። ራውተሩን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ሕፃናት በማይደርሱበት አኑሩ። እማማ ሰርካዲስ ይህ መልካም ምክር መሆኑን መሰከሩ። ደንበኛ እየገባ፣ መታወቂያውን ኮፒ እያስደረገ፣ ለምን እንደሚነበብ ሳይገባው ጥቂት አዳምጦ ይወጣል። አንዲት ሴት ማዳመጥ የጀመረችው ገጽ እስኪያልቅ ድረስ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

በዚህ መካከል ሼህ ጀማሉዲን የቢልቂስን ኮምፒውተር ያያሉ። መንገዱ ተከፍቶ ይታያል። ዓይናቸውን አጥብበው፣ ጣታቸውን አቀበቱ ላይ አድርገው፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለው ወጡ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ከዚህ በላይ ያለችው መታጠፊያ የት ሄደች?»

ቢልቂስ እዚያ መታጠፊያ የለም አለች። መንገዱን ከሚኒባስ መስኮት በስልኳ ቀርጻ፣ እየቆጠረች እንደሠራችው ነገረቻቸው።

«አለች እንጂ። አንድ በሬዬ ገደል የገባው እዚያች ላይ ነው። ስሙ ቦራ ይባል ነበር።»

ቀረጻውን አወጣችው። ሀፊዝ ንባቡን አቁሞ አየ፤ ቀጥል አለችው፤ ቀጠለ። ቀረጻው ሐረጎ ወገብ ላይ ሲደርስ አንድ አውቶቡስ ከጎን መጥቶ መስኮቱን ሞላው፤ ሲያልፍ መንገዱ ፊቱን አዙሮ ነበር። ቢልቂስ ያንን ቦታ አምስት ጊዜ መላልሳ አየችው። ሰባት ወር የለፋችበት፣ ማንንም ያላመነችበት ሥራ አንዲት መታጠፊያ ጎድሎት ነበር። ካርታውን መልሳ ከፈተችና ወንበሯን ለሼህ ጀማሉዲን ለቀቀችላቸው።

ሀፊዝ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ጮክ በል ሲሉት አነበበው። በዚያ ገጽ፣ አንድን ቁጥር ለአንድ ዕቃ ማስያዝ እንደሚቻል፣ መብራት ቢጠፋም፣ ራውተሩ ቢነሣም ቢወድቅም ቁጥሩ ለሌላ እንደማይሰጥ ተጽፎ ነበር። አሠራሩ አራት መስመር ነው።

እማማ ሰርካዲስ «እኛ ቀደምን አልቀደምን፣ ያንተ ዕቃ አምስተኛነቱን አያጣም ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ማን አቆመን?»

ሀፊዝ ገጹን ገለጠ። እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ድረስ አንብቦ ጨረሰ፤ የመጨረሻው ገጽ ራውተሩን የሠራው ፋብሪካ አድራሻ ነበር፤ እርሱንም አነበበው።

ቢልቂስ ብይኗን ሰጠች። ለሚመጣው እሑድ አንድ ዕድል ይሰጠዋል፤ ሦስት ሰዓቱ ከተጠበቀ ሰርቨሩ ኮምቦልቻ ይቆያል፤ ካልተጠበቀ ለምንይሉ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ አይላክባት። አለቅነቱ ግን መንገዱ ቤቱ ስላደረ ብቻ አይሰጠውም፤ ሀፊዝ ከሰልፉ መጨረሻ አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ይነዳል። ሼህ ጀማሉዲን የመታጠፊያዋን ነገር እስኪያስተካክሉላት ድረስ እዚያው ቀሩ፤ መታጠፊያዋ ቦራ ተብላ ተጻፈች።

ሀፊዝ የዚያኑ ዕለት ቁጥሩን አስያዘ። ወደ ኩታበርም ደውሎ ለአባቱ ተሳቢዎቹ የጨዋታ መሆናቸውን ነገራቸው። አባቱ፣ ታዲያ ሰው አይሞትባቸውማ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ።

እሑድ ሰልፉ በስምንት ሰዓት ተነሣ፤ ምንይሉ ከፊት፣ ሀፊዝ ከሁሉ ኋላ። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል መብራት ጠፋ፤ በሦስተኛው ደቂቃ መጣ፤ ራውተሩ ተነሣ፤ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠብቅ፣ ማንንም ሳይቀድም አምስት ቁጥሩን ያዘ። አሥራ ሁለቱም ተመለሱ። ቦራ ላይ ሁለት ተሳቢ ተገለበጠ፤ አንዱ የእውነተኛ ሾፌር ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ጠፍቶ መጣ፤ አሁንም ተመለሱ። በአሥራ አንድ ሰዓት የሰልፉ ራስ ደሴ ገባ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጭራውም ተከተለ። ሀፊዝ ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን ሲያነሣ ከቢልቂስ አንዲት መስመር ጠበቀችው።

«ካርታው እዚያው ይቆይ።»

ለአትጠገብ ሊነግራት በመስኮት ወደ በረንዳው ብቅ አለ። እማማ ሰርካዲስና ሼህ ጀማሉዲን ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ፊት ለፊት ቆመዋል። መብራት ከመጣ አንድ ሰዓት አልፎታል፤ ማናቸውም ገና አልገቡም፤ ሁለቱም እጅግ ደስ ብሏቸው ነበር።